ዶክተር መላኩ በያንና የትምህርት ቤት ደጅ

በጎጃም ምድር የቅኔ ትምህርት ሲነሣ ደብረ ኤልያስ ሳትጠቀስ አትታለፍም። ባለቅኔውና የቴአትር ደራሲው ዮፍታሔ ንጉሤ የዚህች ደብር ተወላጅ ናቸው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በወጣትነታቸው ከተማሩባቸው የጎጃም አድባራት አንዷ እርሷ ናት። ከሸዋም ሆነ ከወሎ፣ ከበጌምድርም ሆነ ከትግራይ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ የመጣ ተማሪ ከእንዲህ ያለው ጉባኤ ሲደርስ መምህሩ የትምህርት ዋጋ አይጠይቁትም። ሣር አጭዶ ጎጆ ይቀልሳል፤ ከየደጁ ለምኖ ይመገባል፤ ሌሊቱን ቅኔ ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል። ከአንዱ መምህር ዘንድ ያለውን ቀስሞ ሲያበቃም ሌላ መምህር ፍለጋ ወንዝና ተራራ ይሻገራል።

ይህ ሥርዓት የድኻውን ልጅ ከሊቅነት ማዕረግ ያደረሰ ታላቅ ሥርዓት ቢሆንም፣ ደጁ ለሁሉም እኩል ክፍት ነበር ለማለት አያስደፍርም። ሴት ልጅ በጉባኤው መካከል የምትታየው ከስንት አንድ ጊዜ ነበር። ዓይነ ስውሯ የጎጃም የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚያ ጠባብ ደጅ አልፈው ለወንዶች ደቀ መዛሙርት መምህር መሆናቸው፣ ደጁ በመጥበቡ ምክንያት አገር ምን ያህል ዕውቀት እንዳመለጣት የሚያስገነዝብ ነው።

ማን ይግባ፣ ማንስ ይቅር የሚለው ጥያቄ ማንኛውም ትምህርት ቤት በደጁ ላይ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። በሕክምና ትምህርት ቤት ደጅ ላይ ግን ጥያቄው ይከብዳል፤ ከውጭ የሚቀረው ተማሪው ብቻ ሳይሆን ወደፊት ሊያክመው ይችል የነበረው በሽተኛም ጭምር ነውና። ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞች መካከል ይህን ጥያቄ በቃል ሳይሆን በኑሮአቸው የመለሱ አንድ ሰው ነበሩ። እርሳቸውም እንደ ቆሎ ተማሪ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ፣ ከባሕር ወዲያ ማዶ ሳይቀር የተንከራተቱት ዶክተር መላኩ በያን ናቸው።

መላኩ በያን ሚያዝያ 21 ቀን 1892 ዓ.ም. በወሎ ተወለዱ። ከንጉሣዊው ቤተ ሰብ ጋር የሥጋ ዝምድና ስለነበራቸው በልጅነታቸው ወደ ሐረር ተወስደው በመሳፍንቱ ቤት አደጉ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወጣቶችን ወደ ውጭ አገር ልከው ለማስተማር ባሰቡ ጊዜ ከተመረጡት መካከል አንዱ እርሳቸው ሆኑ። በዚያን ጊዜ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ሲባል የሚጠራው የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ስም ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ግን በመቅደላ ጦርነት ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኰንን ተወስደው በህንድ አገር ያደጉና በላሆር ሕክምና የተማሩ ናቸው እንጂ አገራቸው መርጣ የላከቻቸው አልነበሩም።

መላኩም በመጀመሪያ የተላኩት ወደ ህንድ ነበር። ሆኖም በቅኝ ግዛት ቀንበር ሥር ባለ አገር መማር መንፈሳቸውን ስላላረካው ወደ አሜሪካ ለመሻገር ፈቃድ ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1922 ወደዚያው አመሩ። ጊዜው የፕሬዚዳንት ዋረን ሃርዲንግ ዘመን ነበር። ፕሬዚዳንቱ የኦሃዮ ሰው ነበሩና ወጣቱ እንግዳ በዚያው በኦሃዮ ወደሚገኘው የመስኪንገም ኮሌጅ ገቡ። በዚያም ቋንቋውንና መሠረታዊውን ሳይንስ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1928 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ከዚያም ለአጭር ጊዜ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

እስከዚህ ድረስ የተጓዙበት መንገድ የአንድ የመሳፍንት ዘመድ መንገድ ነው። የመንግሥት ደብዳቤ የያዘ የነፃ አገር ልጅ እንደ መሆናቸው፣ ለጥቁር አሜሪካዊ ተማሪ የተዘጉ ብዙ ደጆች ለእርሳቸው ሊከፈቱላቸው ይችሉ ነበር። ይሁን እንጂ ከኦሃዮ ወጥተው ወደ ዋሺንግተን ሄዱና በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመዘገቡ። ይህ ምርጫ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ለመረዳት የዚያን ዘመን የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ሁኔታ በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ ሰው በካርኔጊ ድርጅት አማካይነት የአሜሪካንና የካናዳን የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምሮ ሪፖርት አቀረበ። ሪፖርቱ ቤተ ሙከራ የሌላቸውን፣ ከሆስፒታል ጋር ያልተገናኙትን፣ ለገንዘብ ብቻ የቆሙትን ትምህርት ቤቶች በብርቱ ነቀፈ፤ የሕክምና ትምህርትም ዛሬ የምናውቀውን መልክ እንዲይዝ ረዳ። ነገር ግን ሚዛኑ ሲመዘን ጥንቱን ድኻ የነበረው ቀልሎ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ለጥቁሮች ከቆሙት ሰባት የሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱ እ.ኤ.አ. እስከ 1923 ድረስ ተዘጉ። የቀሩት በዋሺንግተን ሃዋርድ፣ በናሽቪልም መሃሪ ብቻ ነበሩ። ሪፖርቱ ጥቁሩ ሐኪም በተለይ የንጽሕና አስተማሪ ሆኖ በራሱ ወገን መካከል እንዲሠራ ያሰበለት ሲሆን፣ ለዚህ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱም የነጩን ሕዝብ ጤንነት መጠበቅ ነበር።

የሙያ ማኅበሩም ደጅ ቢሆን ከዚህ የተለየ አልነበረም። ብዙዎቹ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ቅርንጫፎች ጥቁር ሐኪሞችን በአባልነት ስለማይቀበሉ፣ እነዚህ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1895 የራሳቸውን ብሔራዊ የሕክምና ማኅበር አቋቁመው ነበር። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ስለዚህ በደል በይፋ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናት እንደ ገመተውም፣ የተዘጉት አምስቱ ትምህርት ቤቶች ሥራቸውን ቢቀጥሉ ኖሮ ባለፉት ዘመናት ከ35,000 በላይ ሐኪሞችን ሊያስመርቁ ይችሉ ነበር። ደጅ መዝጋት ያን ያህል ያስከፍላል።

ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከባርነት ለወጡት ሰዎች ትምህርት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1867 ተመሠረተ፤ የሕክምና ክፍሉም በተከታዩ ዓመት ሲከፈት ዘርንና ጾታን ሳይለይ ተማሪ ለመቀበል ነበር። ተማሪዎቹ የሕክምናን ተግባር የሚለማመዱት ለነፃ ወጪዎቹ በተቋቋመው በፍሪድመን ሆስፒታል ነው። መላኩ በዚያ በተማሩባቸው ዓመታት ትምህርት ቤቱ በታላቅ ለውጥ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ዶክተር ኑማ አዳምስ የመጀመሪያው ጥቁር ዲን ሆነው ተሾሙ። እርሳቸውም ተማሪ መቀበል ብቻ በቂ እንዳልሆነ፣ ከተቀበሉት ተማሪ መምህር ማውጣት እንደሚገባ ተረድተው ወጣት ሐኪሞችን ለከፍተኛ ጥናት ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እየላኩ፣ ተመልሰው በሃዋርድ እንዲያስተምሩ ያደርጉ ነበር። በደም ማከማቸት ጥናታቸው ኋላ በዓለም የታወቁት ዶክተር ቻርልስ ድሩ በዚህ መንገድ ካለፉት አንዱ ናቸው።

መላኩ በያን እንግዲህ በዚህ ጉባኤ ለመቀመጥ የመጡት ሌላ ስፍራ ስላጡ ሳይሆን፣ ከተገፉት ጋር መማርን ስለመረጡ ነው። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር ሕዝብ አይቆጥሩም የሚል ወሬ በአሜሪካ በሰፊው ይናፈስ ነበር። መላኩ ይህን ወሬ በንግግር ከማስተባበላቸው በፊት በኑሮአቸው አስተባበሉት። ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር በአንድ ክፍል ተማሩ፣ በአንድ ሆስፒታል በሽተኛ አስታመሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶረቲ ሃድሊን አገቡ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ታሪክ ከሚያስተምሩት ከመምህር ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ጋር በመሆንም እ.ኤ.አ. በ1934 የኢትዮጵያ ጥናት ምክር ቤት እንዲቋቋም አደረጉ።

ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲያገለግሉም ብዙ ደክመዋል። ከእነርሱ መካከል አውሮፕላን ነጂው ጆን ሮቢንሰን በመላኩ አማካይነት ተጠርተው እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ገብተዋል። የመላኩ አሳብ ግልጽ ነበር። ኢትዮጵያ ባለሙያ ያስፈልጋታል፤ በአሜሪካ ደግሞ ሙያቸውን በሙሉ እንዲሠሩበት ያልተፈቀደላቸው ባለሙያዎች አሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን ማገናኘት ለሁለቱም መድኀኒት ይሆናል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 መላኩ በሕክምና የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። ከአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ቤት በዚህ ማዕረግ የተመረቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆኑ ይነገርላቸዋል። ወዲያውም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ነገር ግን የጠበቃቸው የማስተማሪያ ክፍል ሳይሆን የጦር ሜዳ ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተመሠረተው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ የውጭ አገር የሕክምና ጓዶች ለርዳታ በመምጣት ላይ ነበሩ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የአገሩ ልጆች ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዶክተር መላኩ በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ አከሙ። ጠላት የመርዝ ጋዝ በሚረጭበት፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ድንኳን እንኳ በቦምብ በሚደበድብበት በዚያ ጦርነት፣ አንድ ሐኪም ለስንት ሺህ ቁስለኛ ሊደርስ ይችላል? ለብዙ ዓመታት ደጁ ተዘግቶ የቆየ ትምህርት ዕዳው የተቈጠረው በዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ዶክተር መላኩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1936 የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኒው ዮርክ ተላኩ። ከዚያ ወዲያ የሐኪምነት ሥራቸውን ትተው ለአገራቸው ጉዳይ ቆሙ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኒው ዮርክ ሲመሠረት መሪው እርሳቸው ነበሩ። የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለውን ጋዜጣ አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ስለ ጥቁር ሕዝብ ጉዞ መጽሐፍ ጽፈው አወጡ፤ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ለስደተኞች ርዳታ ለመኑ። ከሃዋርድ ጀምሮ የሚያውቋቸው ጥቁር አሜሪካውያንም ከድኻ ኪሳቸው እያወጡ ረዱአቸው።

ድካሙ ግን ሰውነታቸውን ጎዳው። በሳንባ ምች ታመው ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዐረፉ። አርባ ዓመት ከሞላቸው ገና አምስት ቀን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ድል አድርገው አዲስ አበባ የገቡት በተከታዩ ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ነውና፣ ዶክተር መላኩ የአገራቸውን ነፃነት ለማየት የቀራቸው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ብቻ ነበር ማለት ነው።

የሙያ ባልደረቦች የእርሳቸውን ሕይወት ሲመዝኑ አንድ ቁጭት ሊሰማቸው ይችላል። በሃዋርድ ያዩትን የማስተማር ዘዴ ወደ አገራቸው አምጥተው አንድ ተማሪ እንኳ ለማሠልጠን አልታደሉም። በጠላት ወረራ ዘመን፣ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ወዲህ፣ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ አለቁ፤ ከሟቾቹ መካከል ሁለቱ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ ነበሩ። ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎችን በገዛ ምድሯ በከፍተኛ ትምህርት ማሠልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲከፈት ነው፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመውም እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በሃዋርድ የሠለጠነ መምህር በሕይወት ቢገኝ ኖሮ ይህ ጊዜ ባጠረ ነበር ብሎ ማሰብ ከቅዠት አይቆጠርም።

ሆኖም ዶክተር መላኩ ያላስተማሩት ነገር የለም ማለት አይደለም፤ ከምርጫቸው የሚቀሰም ትምህርት ለዛሬም ሐኪምና መምህር ይጠቅማል። ዕድል ያገኘ ሰው ለራሱ በተከፈተለት ደጅ ገብቶ በሩን ከኋላው ቢዘጋ ያየውም የከሰሰውም አይኖርም። እርሳቸው ግን በተከፈተላቸው ደጅ ፈንታ የተገፉት ወደሚማሩበት ሄዱ፤ ከዚያም የተገፉትን ይዘው ወደ አገራቸው ለመመለስ ሞከሩ። የሕክምና ትምህርት ቤት ደረጃውን መጠበቅ አለበት፤ የፍሌክስነር ሪፖርት ያስከተለው ጉዳት የሚያሳየው ግን፣ የድኻውን ትምህርት ቤት ሳይረዱ በሚዛን ብቻ ማስቀረት የድኻውን በሽተኛ ያለ ሐኪም ማስቀረት መሆኑን ነው። የኑማ አዳምስ ሥራ ደግሞ የሚያስተምረው፣ ደረጃ የሚጠበቀው ተማሪን በመመለስ ሳይሆን የተቀበሉትን ተማሪ በሚገባ አስተምሮ ለመምህርነት በማብቃት መሆኑን ነው።

ዛሬ በጎጃም በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ይሰጣል። የደብረ ኤልያስ ገበሬ ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ሐኪም ለመሆን ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። በክፍሉ ውስጥ ግን ገና ብዙ ጠባብ ደጆች አሉ፤ የእንግሊዝኛው ቋንቋ የሚከብደው የገጠር ልጅ፣ በወንዶች መካከል ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ሴት ተማሪ፣ አካሉ በመጎዳቱ ደረጃ መውጣት የተሳነው ወጣት በየክፍሉ አሉ። ጥንት የቅኔው መምህር አዲስ የመጣውን ተማሪ በነባሩ ያስጠኑት ነበር፤ ደካማው በብርቱው ትከሻ ላይ ተደግፎ ይራመድ ነበር። የሕክምና መምህራንም ዶክተር መላኩን ሲያስቡ፣ እያንዳንዳቸው በየክፍላቸው ደጅ ላይ ቆመው ማን እንደ ገባና ማን እንደ ቀረ ቢመለከቱ፣ ያ በአርባ ዓመቱ የተቀጨ ሕይወት ያሰበው ሥራ በእነርሱ እጅ ይቀጥላል።