ኮምፒውተር እንዲዘፍን ያደረገው ጆን ኬሊ

በአውሮፓውያኑ 1961 በኒው ጀርሲ በሚገኘው የቤል ቤተ ሙከራ አንድ ግዙፍ የአይቢኤም ኮምፒውተር ዘፈነ። ‘ዴይዚ ቤል’ የተሰኘው ይህ የፍቅር ዘፈን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ድምፁ ግን ከማንም አንደበት የተቀዳ አልነበረም፤ በስሌት የተፈጠረ ነበር።

ከሥራው ጀርባ የነበረው ጆን ኬሊ በ1923 በቴክሳስ፣ ኮርሲካና ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ ነበር። በ1953 ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪውን ካገኘ በኋላ ቤልን ተቀላቀለ።

ስሙን በስፋት ያስጠራው በ1956 ያሳተመው ቀመር ነው። ቀመሩ አንድ ተወራራጅ ካለው ገንዘብ ምን ያህሉን ቢያስይዝ ሀብቱ በረጅም ጊዜ ይበልጥ እንደሚያድግ ያሳያል። ቁማርተኞችም ባለሀብቶችም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል።

ኬሊ በሰው ድምፅ ላይ የሠራው ሥራ ግን እምብዛም አይነሳም። እርሱና ባልደረባው ካሮል ሎክባም ከጉሮሮ እስከ ከንፈር ያለውን የድምፅ መተላለፊያ፣ ስፋታቸው የተለያየ አጫጭር ቱቦዎች ጫፍ ለጫፍ እንደተገጣጠሙበት አድርገው ቀረጹት። የድምፅ ሞገድ ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው ሲደርስ ከፊሉ ያልፋል፤ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኮምፒውተሩም ይህን በየመጋጠሚያው ያሰላል።

የቱቦዎቹ ስፋት ሲለወጥ ድምፁም ይለወጣል። ተናጋሪ «ኣ» ሲል ምላሱን ዝቅ፣ «ኢ» ሲል ደግሞ ወደ ላንቃው ከፍ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ለዘፈኑ የሙዚቃ አጃቢውን ያዘጋጀው ማክስ ማቲውስ ነበር።

ቤተ ሙከራውን የጎበኘው እንግሊዛዊው ደራሲ አርተር ክላርክ ይህን ዘፈን አድምጧል። በ1968 ለእይታ በበቃው ‘2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ’ ፊልም ላይ ሃል የተሰኘው ኮምፒውተር ሲጠፋ የሚዘፍነው ይህንኑ ነው።

ኬሊ ፊልሙን ለማየት አልታደለም። መጋቢት 1965 ማንሃተን ውስጥ በመንገድ ላይ ሳለ በስትሮክ ሕይወቱ አለፈ። ዕድሜው 41 ነበር።

ሥራው ግን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ተሻገረ። በወጣትነቱ የኬሊ ረዳት የነበረው ኤልዊን በርሌካምፕ ከኦክላንድ አጠገብ ባለው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ፤ የአለቃውንም ቀመር ወደ ገንዘብ ገበያ ወሰደው። በሳን ፍራንሲስኮና በሳን ሆዜ መካከል በሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማቲውስ በኋለኛው ዘመኑ አስተምሯል። በዚያው ተቋም ፔሪ ኩክ በ1990 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት የድምፅ መተላለፊያን ሞዴል ለዝማሬ ድምፅ አዋለው።

ዛሬ ከስልክ የሚሰሙት ሰው ሠራሽ ድምፆች በአብዛኛው ከሰዎች ቅጂ የተማሩ ናቸው። ቅጂ ድምፁ ምን እንደሚመስል ይነግራል፤ የኬሊ ቱቦዎች ግን ለምን እንደዚያ እንደሚሰማ ያሳያሉ። ኬሊ ያለፈው ይህን ጥያቄ ገና በጀመረበት ዕድሜ ነበር።