አንድ ቀሚስ፣ አንድ ቦርሳ፣ 72 ቀን

ባለፈው ዓመት ማህበራችን ለሁለት ቀን ወደ ሐዋሳ ሲሄድ፣ ስማቸውን ካስመዘገቡት እህቶች ሰባቱ በመነሻው ጠዋት ሳይመጡ ቀሩ። በኋላ ቡና ላይ ስንጠያየቅ ሁለቱ ታመው እንደነበር፣ አምስቱ ግን የሚለብሱት ነገር ጨንቋቸው እንደቀሩ ሰማን። የብድር መዝገባችንን ስናገላብጥ ደግሞ በዚያው ወር ለመንገድ ልብስና ጫማ የተወሰዱ ሦስት ብድሮች አገኘን። አንደኛው እስከ ዘንድሮ ጥር ድረስ ተከፍሎ አላለቀም። በብድሩ የተገዛው ቀሚስ የተለበሰው ግን አንድ ቀን ነው።

ይህን ያነሳነው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እኛም ሦስት ሻንጣ ጎትተን ሄደን፣ አንዱን ሳንከፍተው የተመለስንበት ጊዜ አለ። ነገሩን ስንወያይበት ግን ከ130 ዓመት በፊት በአንዲት የእጅ ቦርሳ ዓለምን የዞረች ሴት ትዝ አለችን። ስሟ ኔሊ ብላይ ነው። ለዚህ እትም የሕይወት ታሪኳን ይዘን ቀርበናል። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወላጆቿ ያወጡላት ስም ኤልሳቤጥ ጄን ኮክራን ነበር። በግንቦት 1864 በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት፣ በአባቷ ስም በምትጠራ ትንሽ መንደር ተወለደች። አባቷ የወፍጮ ባለቤትና የአካባቢው ዳኛ ነበሩ። የመንደሩ ልጆች ቡናማና ግራጫ ሲለብሱ እናቷ እሷን ሮዝ ያለብሷት ስለነበር፣ ቅጽል ስሟ በእንግሊዝኛው ፒንክ፣ ማለትም ሮዝ ሆኖ ቀረ። በልብስ የተነሳ ስም ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ የመጨረሻዋ ግን አልነበረም።

ስድስት ዓመት ሲሆናት አባቷ ሳይናዘዙ ሞቱ። ሀብቱ ለብዙ ወራሽ ተከፋፍሎ ለእናቷ የደረሳቸው ጥቂት ነበር። እናቷ እንደገና ቢያገቡም ሁለተኛው ባል ጠጪና ተደባዳቢ ሆነባቸው፤ ትዳሩ በፍርድ ቤት ሲፈርስ ልጅቷ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሆና ለእናቷ መሰከረች። አስተማሪ ለመሆን ትምህርት ቤት ገብታ ነበር፤ ነገር ግን ለክፍያ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ ከአንድ የትምህርት ወቅት በኋላ አቋርጣ ተመለሰች። ከዚያ እናትና ልጅ ወደ ፒትስበርግ ተሻገሩ።

በ1885 አንድ የፒትስበርግ ጋዜጣ የሴት ልጅ ቦታ ቤት ብቻ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። ኤልሳቤጥ ተናዳ ስሟን ሳትገልጥ መልስ ጻፈች። አዘጋጁ በአጻጻፏ ተገርሞ አስፈልጎ አገኛትና ሥራ ሰጣት። ኔሊ ብላይ የሚለውን የብዕር ስም ከአንድ የዘመኑ ዘፈን ወስዶ ያወጣላትም እሱ ነው። መጀመሪያ ስለ ፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶችና ስለ ፍቺ ሕግ ጻፈች። ጥቂት ቆይቶ ግን ወደ ሴቶች ገጽ አዛወሯት፤ ስለ ፋሽን፣ ስለ አበባና ስለ ግብዣ እንድትጽፍ። ይህ አልተዋጠላትም። በ1886 እናቷን ይዛ ሜክሲኮ ሄደችና ለስድስት ወር ያህል ከዚያ ዘገበች።

በ1887 ኒው ዮርክ ገብታ የጆሴፍ ፑሊትዘር ጋዜጣ በነበረው ዘ ወርልድ ሥራ አገኘች። የመጀመሪያው ታላቅ ሥራዋ እብድ መስላ የአእምሮ ሕሙማን ሴቶች ማቆያ ውስጥ አሥር ቀን መቆየት ነበር። አሮጌ ልብስ ለበሰች፣ ዓይኗን አፍጥጣ መቀመጥን ተለማመደች፣ ሐኪሞቹም አመኗት። በውስጡ ያየችውን ብርድ፣ የተበላሸ ምግብና ድብደባ ስታወጣ ከተማው ተናወጠ፤ ለሕሙማኑ የሚመደበውም በጀት ጨመረ። ልብስ ሰው ሰውን የሚመዝንበት ሚዛን መሆኑን ኔሊ ያኔ በደንብ ሳታውቅ አልቀረችም።

ወደ ጉዞው እንምጣ። ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቬርን በ80 ቀን ዓለምን ስለዞረ ሰው የጻፈው ልብ ወለድ በ1873 ታትሞ ዝናው በያለበት ተሰምቶ ነበር። ኔሊ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ልዙር ብላ ለአለቆቿ አቀረበች። የጋዜጣው ሥራ አስኪያጅ እንቢ አሉ። ምክንያታቸው ሁለት ነበር፦ አንደኛ፣ ሴት ያለ ጠባቂ መጓዝ አትችልም፤ ሁለተኛ፣ ብቻዋን ብትሄድ እንኳ የምትጭነው የሻንጣ ብዛት ከመርከብ ወደ ባቡር ስትሸጋገር ያስቀራታል። እኛ ስናነበው ፈገግ ያሰኘን ሁለተኛው ነው። አንዲት ሴት ዓለምን እንዳትዞር ያገዳት ልብሷ ሊሆን ነበር። እሷም ወንድ የሚላክ ከሆነ በዚያው ቀን ለሌላ ጋዜጣ ተነስታ እንደምትቀድመው ነገረቻቸው።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1889፣ አንድ ምሽት ድንገት ተጠርታ በሁለት ቀን ውስጥ መነሳት ትችል እንደሆነ ተጠየቀች። እችላለሁ አለች። በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ሦስት ወር በተከታታይ ቢለበስ የማይበላሽ ቀሚስ እስከ ማታ እንዲያደርስላት ጠየቀች። ልብስ ሰፊው ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅና ከግመል ፀጉር የተሠራ ደብዘዝ ያለ ባለ ዳማ ጨርቅ መርጦ ቆረጠ። ከሰዓት አንዴ፣ ወደ ማታ ደግሞ አንዴ ለካችው፤ በዚያው ቀን አለቀ። ላዩ ላይ የሚደረብ ረጅም ባለ ዳማ ካፖርትም ገዛች። ለሞቃት አገር የሚሆን ቀለል ያለ ሌላ ቀሚስ አሰፍታ ነበር፤ ቦርሳው ውስጥ አልገባ ሲላት ግን እሱን ትታ በምትኩ አንድ የሐር ሸሚዝ ያዘች።

ቦርሳው ከታች 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ቁመቱ 18 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የያዘውን እንደ ንብረት ቆጠራ እንዘርዝረው። ሁለት ቆብ፣ ሦስት ዓይነ ርግብ፣ አንድ የቤት ጫማ፣ የመታጠቢያ ዕቃ፣ ቀለም፣ ብዕር፣ እርሳስና ወረቀት፣ መርፌ፣ ክርና ስፒል፣ አንድ የቤት ካባ፣ አንድ ጃኬት፣ መጠጫ ኩባያ፣ በርካታ ቅያሪ የውስጥ ልብስ፣ ብዙ መሀረብ። ከሁሉ ቦታ የፈጀውና ቦርሳውን በዘጋች ቁጥር ያስመረራት ግን አንድ ብልቃጥ የፊት ቅባት ነበር። ያን ቅባት ሳትጥለው ዓለምን አዞረችው። ይህን ደብቃ ማለፍ ትችል ነበር፤ እሷ ግን በመጽሐፏ ውስጥ ጻፈችው። የወደድንላት ለዚህ ነው።

ገንዘቡንም እንመልከት። የእንግሊዝ 200 ፓውንድ ተሰጣት። ወርቁን በኪሷ፣ የባንክ ኖቱን ደግሞ በቆዳ ከረጢት አድርጋ አንገቷ ላይ አሰረችው። በሁለት ቦታ መክፈሏን ልብ በሉ። ሽጉጥ ያዢ ብለው ቢመክሯትም እንቢ አለች።

ኅዳር 14 ቀን 1889 ከኒው ዮርክ ማዶ ካለው የሆቦከን ወደብ ተነሳች። አፄ ምኒልክ በእንጦጦ ዘውድ ከጫኑ ገና 11 ቀናቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የመርከቡ ጠርዝ ላይ ተደግፋ ስታስታውክ አሳለፈች። እንግሊዝ ደርሳ ወዲያው ወደ ፈረንሳይ ተሻገረች፤ ዡል ቬርን ቤታቸው ጋብዘዋት ነበርና። ባቡሩ ወደ አሚየን ከተማ ሲቃረብ ፊቷ ጥቀርሻ ይዞ፣ ፀጉሯ ተበታትኖ እንደሆነ እያሰበች ተጨነቀች፤ ባቡሩ ላይ የምትስተካከልበት ቦታ አልነበረም። ቬርንና ባለቤታቸው ጣቢያው ላይ በደስታ ሲቀበሏት ግን የመልኳን ነገር ረሳችው። እኛም ስንት ጊዜ እንዲህ ሆነናል። ጭንቀቱ መንገድ ላይ ነው፤ የሚወደን ሰው ሲያቅፈን ይጠፋል።

ከዚያ ብሪንዲዚ፣ ፖርት ሰይድ፣ ስዊዝ፣ ቀይ ባሕርን ወርዳ ኤደን፣ ኮሎምቦ፣ ሲንጋፖር፣ ሆንግ ኮንግ፣ ዮኮሃማ። የመርከብ መንገደኞች ለእራት ልብስ ሲቀያይሩ እሷ ያው አንድ ቀሚስ ነበራት። የጸጉር ብሩሽና የባንክ ደብተር ብቻ ይዛ የምትዞር ጠባየ ልዩ የአሜሪካ ባለጸጋ ናት የሚል ወሬ እስከ መወራት ደረሰ። ያስጨነቃት የእጥበት ጉዳይ ነበር፤ ግን መርከቡ ላይ በየቀኑ ልብስ ይታጠብ ነበር፤ በየወደቡም በስድስት ሰዓት ውስጥ አጥበው የሚያስረክቡ ባለሙያዎች ነበሩ። ኋላ ስታስበው ዕቃዋ አነሰ ሳይሆን በዛ የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰች። በየወደቡ የተሰፋ ልብስ ሳይቀር መግዛት ይቻል ነበርና። ሲንጋፖር ላይ ግን ልቧ አልቻለም፤ ጦጣ ገዝታ ሸክሟን ጨመረች።

ሆንግ ኮንግ ስትደርስ ኤልሳቤጥ ቢስላንድ የምትባል ሌላ ጸሐፊ፣ በኮስሞፖሊታን መጽሔት ተልካ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ እየተሽቀዳደመቻት መሆኑን ሰማች። ቢስላንድ በጥቂት ሰዓት ማስታወቂያ ብትነሳም ትልቅ ሳጥን ጭና ነበር የሄደችው። በ76 ቀን ተኩል ጨረሰች። የዘገየችው በሳጥኑ ምክንያት ነው ብንል ግን ሐሰት ይሆንብናል፤ ያስቀራት ፈጣን መርከብ ስላመለጣት ነው። ስለዚህ ቀላል ሻንጣ ሁልጊዜ ያሸንፋል አንልም። የራስን ነገር በራስ መሸከም ከሰው እጅ ነፃ ያወጣል እንጂ።

ኔሊ ጥር 25 ቀን 1890 ጀርሲ ሲቲ ስትገባ ጉዞው የወሰደው 72 ቀን፣ 6 ሰዓት፣ 11 ደቂቃና 14 ሰከንድ ነበር። ያ ባለ ዳማ ካፖርትና ያቺ ቦርሳ በፎቶዋ ታወቁ፤ በስሟ የቤት ውስጥ ጨዋታ ሳይቀር ወጣ። አንዲት ሴት ሌላ ቅያሪ ስለሌላት የለበሰችው ልብስ መለያዋ ሆነ።

ታሪኳ እዚህ ቢያልቅ ያምር ነበር። ግን ሙሉውን ካልነገርናችሁ አንድ ገጽ ተቀዶ የወጣለት መዝገብ እንደማቅረብ ይሆንብናል። በ1895 ከእሷ ከ40 ዓመት በላይ የሚበልጣቸውን ባለ ፋብሪካ ሮበርት ሲማንን አገባች። እሳቸው በ1904 ሲሞቱ የወተት ጣሳና የብረት ዕቃ የሚያመርተውን ድርጅት እሷ መራችው። በራሷ ስም የፈጠራ መብት አስመዘገበች፤ ለሠራተኞቿ ቤተ መጻሕፍትና የስፖርት ቦታ አዘጋጀች። የሂሳቡን ሥራ ግን ሙሉ በሙሉ ለሌሎች ተወች። ያመነቻቸው ሰዎች ፊርማ እያስመሰሉ ገንዘቡን አወጡት፤ ድርጅቱም ከሰረ። 200 ፓውንድ በኪሷና በአንገቷ ከፍላ ይዛ ዓለምን የዞረች ሴት የራሷን መዝገብ ሳታገላብጥ ሀብቷን አጣች። እኛ የማህበሩን ሂሳብ የምንይዝ ሰዎች ይህን ክፍል ስናነብ ደጋግመን ቆምን። በየሦስት ወሩ ሂሳባችንን በጉባኤ ፊት የምናነብበው ለዚህ ነው፤ ሲነበብ አታንጎላጁ።

በ1914 ኦስትሪያ ሆና ከጦር ግንባር መዘገብ ጀመረች። በ1919 ወደ ኒው ዮርክ ተመልሳ በጋዜጣ አምዷ ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት ቤት ስትፈልግ ቆየች። ጥር 27 ቀን 1922 በሳንባ ምች በ57 ዓመቷ አረፈች። ለመቃብሯ የስም ድንጋይ የቆመላት በ1978 ነው።

ከዚህ ሕይወት ለመንገዳችን ምን እንውሰድ? ጠቆር ያለ፣ የማይጨማደድ፣ አንድ ጥሩ ቀሚስ ይበቃል። የሀበሻ ቀሚስ ለሠርጉ ሰዓት እንጂ ለአውቶቡስ ወንበር አልተሠራም፤ ተጣጥፎ ይሂድ፣ እዚያው ይለበስ። አዲስ ጫማ መንገድ ላይ አይፈተንም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ይለበስ። ነጠላ ወይም ጋቢ ቀን ይደረባል፣ ሌሊት ይለበሳል፣ ለልጅ ትራስ ይሆናል። ገንዘብ በሁለት ቦታ ይከፈል። ሁላችንም የማንጥለው አንድ የፊት ቅባት ብልቃጥ ይኖረናል፤ እሱን ይዘን ሌላውን እንቀንስ።

ፎቶውንም በተመለከተ፣ ያው ቀሚስ በሦስት ፎቶ ቢታይ ምንም ነውር የለውም። ኔሊ በአንድ ቀሚስ 72 ቀን ታይታለች። ተበድረን የለበስነው ልብስ በፎቶ ላይ ያምር ይሆናል፤ ዕዳው ግን ፎቶ ላይ አይታይም፣ መዝገባችን ላይ ነው የሚታየው። እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ የሚለው የአባቶች ምክር ለሻንጣም ይሠራል።

ለዘንድሮው ጉዞ አንድ ሐሳብ ለጉባኤው አቅርበናል። እያንዳንዳችን አንድ ቦርሳ ብቻ እንያዝ፤ ኮሚቴውም ጭምር። ያን ጊዜ ሦስት የለበሰችና አንድ ያላት አይለዩም። ባለፈው ዓመት የቀራችሁት አምስት እህቶች ሆይ፣ ያላችሁን ቀሚስ አጥባችሁ ኑ። አውቶቡሱ ላይ ቦታ ይዘንላችኋል።