ሙሴ ኢልግና ጅማ ያልደረሰው ሐዲድ

መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የሰጡት የምድር ባቡር ውል ሦስት መንገዶችን ይጠቅሳል። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቀው ነው። ይህ ሦስተኛው መንገድ ቢሠራ ኖሮ ጅማንና በዙሪያዋ ያሉትን የቡና አገሮች፣ ሊሙን፣ ጎማንና ጌራን፣ ከባሕር በር ጋር ባገናኘ ነበር። ውሉን የተቀበለው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ፣ በአገሬው አጠራር ሙሴ ኢልግ፣ ይባላል። (ከዚህ ወዲያ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢልግ በ1854 በስዊስ አገር ፍራውንፌልድ በተባለች ከተማ ተወለደ። የመካኒክ ምሕንድስና የተማረው በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ነው። ይህ በ1855 የተከፈተ ትምህርት ቤት በመግቢያ ፈተናው የታወቀ ነበር፤ ተቀባይነት ያለው የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ያልያዘ ወጣት ተፈትኖ ካላለፈ አይገባበትም። ፈተናው ለማንም የማያደላ ለመሆኑ በ1895 የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። ዕድሜው ገና 16 የነበረው አልበርት አይንሽታይን በሂሳብና በፊዚክስ ብልጫ ቢያሳይም በሌሎቹ ትምህርቶች ሳይሳካለት ቀርቶ፣ አራው በምትባል ከተማ አንድ ዓመት ከተማረ በኋላ በ1896 ሊገባ ችሏል። እንዲህ ያለው በር ጥብቅ ቢሆንም፣ መኖሩ ብቻ ለአንድ አገር ትልቅ ሀብት ነው፤ ወጣቱ ምን አጥንቶ ምን ቢያውቅ መሐንዲስ ለመሆን እንደሚበቃ አስቀድሞ ይረዳልና።

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ሥራ አዋቂዎች እንዲላኩላቸው በዓደን በሚገኝ የስዊስ የንግድ ቤት በኩል ባስጠየቁ ጊዜ ወጣቱ መሐንዲስ ጥሪውን ተቀበለ፤ አፐንዜለርና ሲመርማን ከተባሉ ሁለት የስዊስ ባለ እጆች ጋር በ1879 አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራላቸው አዘውት እንደ ነበር ይተረካል። ታሪኩ ሲነገር አድማጩን ያስቃል፤ ነገር ግን ትእዛዙ ሞኝነት አልነበረበትም። ንጉሡ ወረቀት ላይ የሰፈረ ማዕረግ መመዘን አይችሉም፤ የእጅ ሥራን ግን ይመዝናሉ። ኢልግ በዙሪክ ያገኘው ምስክር ወረቀት አንኮበር ላይ ዋጋ የኖረው በዚህ ሁለተኛ ፈተና ካለፈ በኋላ ነው።

በ1880ዎቹ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። በ1890ዎቹ ደግሞ ከኮረብታ የተጠለፈ ውሃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት እንዲገባ አደረገ። ብረት የሚሸጥበት መደብር፣ መለዋወጫ የሚገኝበት ጋራዥ በሌለበት ዘመን እያንዳንዱ ብሎን ከባሕር ማዶ በግመልና በበቅሎ መምጣት ወይም እዚያው መቀጥቀጥ ነበረበት። የአዲሱን ገንዘብና የቴምብር ጉዳይ በማስፈጸምም እጁ ነበረበት። በ1897 የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ተሰጥቶት እስከ 1906 ድረስ የውጭ ጉዳይን ሥራ በቅርብ አገለገለ።

ከሁሉ በላይ ልቡ ያረፈው ግን በባቡሩ ላይ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ጅማ መመለስ ያሻል። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ንጉሡ ለምኒልክ እየገበሩ አገራቸውን በራሳቸው ሲያስተዳድሩ፣ ከጅሬን አጠገብ ያለው የሒርማታ ገበያ ከደቡብ ምዕራብ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዚያ የሚነሣ ነጋዴ የጊቤን ሸለቆ አቋርጦ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም እስከ ባሕሩ ድረስ ከአንድ ወር በላይ ይጓዛል። አንድ በቅሎ አንድ ኩንታል ያህል ይሸከማል ቢባል፣ አሥር ቶን የሚጭን አንድ ፉርጎ የመቶ በቅሎ ሸክም ያነሣል። የእነዚያ መቶ በቅሎዎች ቀለብ፣ የነጂዎቹ ደመወዝና በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ ሲደመር፣ ወደብ የደረሰው ቡና ለአምራቹ ምን ያህል ጥቂት እንደሚያስቀርለት ግልጽ ነው። ከፋ ራሱ ውሉ በተጻፈበት ጊዜ በራሱ ንጉሥ ሥር የነበረና በ1897 ብቻ የተያዘ አገር ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛው መንገድ ገና ያልተገዛ አገርን ጭምር ያቀደ ነበር።

ኢልግ ከፈረንሳዊው ሸፍኔ ጋር ኩባንያውን በ1896 ፓሪስ ላይ አቋቋመ። ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ተወስኖ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ተራራው ግን የውሉን ቃል አላከበረም። ሐረር ከበረሃው ወለል ብዙ ከፍ ብላ ስለምትገኝ መስመሩ ከታች ቀረ፤ በ1902 መጨረሻ ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ የተባለች አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። ሦስተኛው መንገድም ተመሳሳይ መከራ ይጠብቀው ነበር። በወልቂጤ በኩል ቢታሰብ፣ ከደጋው ወደ ጊቤ ወንዝ 800 ሜትር ያህል መውረድ ያስፈልጋል። በየ1,000 ሜትሩ 25 ሜትር የሚወርድ ተዳፋት ቢፈቀድ፣ ለቁልቁለቱ ብቻ 32 ኪሎ ሜትር ጥምዝምዝ ሐዲድ ይጠይቃል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ዳገት ከዚህ ሌላ ነው። አይቻልም አይባልም፤ ገንዘብና የሠለጠነ ሰው ግን ይፈልጋል።

ገንዘቡ አስቀድሞ አለቀ። የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች በኩባንያው ውስጥ ሲገቡ የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 ከኩባንያው ጋር የራሱን ስምምነት አድርጎ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለመርዳት ገባ፤ በምትኩም የመቆጣጠር ሥልጣን ያዘ። ምኒልክ ሳይጠየቁ የተፈጸመ በመሆኑ እጅግ ተቆጡ፤ ሥራውም ድሬዳዋ ላይ ቆመ። እዚህ ላይ ኢልግን ከወቀሳ ነጻ ማድረግ ያስቸግራል። የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪና የውሉ ባለቤት አንድ ሰው መሆኑ፣ ቅንነቱ ባይጠረጠር እንኳ፣ ለመንግሥት የሚገባውን ምክር ከኩባንያው ጥቅም ለመለየት አዳጋች ያደርገው ነበር። በታኅሣሥ 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በተፈራረሙት ውል ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚሠራ ሐዲድ በእንግሊዝ ጥላ ሥር እንዲሆን ተስማሙ። በ1908 ለአዲሱ ኩባንያ የተሰጠው ፈቃድም አዲስ አበባ ላይ አበቃ። የጅማ ተስፋ የተቀደደው በዚህ ጊዜ ነው።

የሠለጠነ ሰው ጉዳይ ከገንዘቡ ይበልጥ ዘገየ። ኢልግ ድልድይ፣ ቧንቧና ውል ሲተው፣ እርሱ በወጣትነቱ ያገኘውን ዓይነት ትምህርት ቤት አልተወም። የምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እርሱ ከአገር ከወጣ በኋላ በ1908 ነው፤ በይበልጥ ያስተማረውም የውጭ ቋንቋ ነበር። በድሬዳዋው የምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ብዙ ኢትዮጵያውያን መቀጥቀጥን፣ መበየድን፣ ሞተር መፍታትን በተለማማጅነት ከአለቆቻቸው እጅ እያዩ ተማሩ። ሙያቸው የሚናቅ አልነበረም። ሆኖም የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የመሐንዲስነቱ ወንበር የውጭ ሰው ሆኖ ብዙ ዘመን ቆየ። ጅማ የቁርኣን ትምህርት የደረጀበት አገር ነበረች፤ በማስታወስና በመተንተን የሠለጠነ አእምሮ አልጎደላትም። ነገር ግን በሒርማታ ያደገ ብላቴና ለባቡር መሐንዲስነት ልዘጋጅ ቢል ጂኦሜትሪና የመካኒክ ንድፍ የሚያስተምረው፣ ተቀምጦም የሚፈተንበት ስፍራ በአገሩ አልነበረውም። የምሕንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን ጅማ ያገኘችው የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። ለቡና አገር ተገቢ ነበር፤ ቡናውን የሚያጓጉዘውን መንገድ የሚቀይስ ሰው ግን ከሌላ ቦታ መምጣት ነበረበት።

ኢልግ ኑሮውን ከባለቤቱ ጋር በዙሪክ አደረገ። ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ዕቃዎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕዝብ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ጥር 7 ቀን 1916 በ61 ዓመቱ ሞተ። ባቡሩ በዓመቱ፣ በ1917፣ አዲስ አበባ ገባ፤ ከጅቡቲ ያለው ርቀት 784 ኪሎ ሜትር ነበር። የጅማ ቡና በበኩሉ ከሒርማታ ተነሥቶ፣ ጊቤን ተሻግሮ፣ ጣቢያው ደጃፍ የሚራገፈው ከበቅሎ ጀርባ ነበር።