ሙስዐብ ኢብን ዑመይር፦ የመዲና አስተማሪ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢ ሆይ! ልጅህን የምታለብስ፣ ለነገ ኑሮውም ሀብት የምታከማችለት አባት ከሆንህ፣ የዚህን ወጣት ታሪክ ልብ ብለህ ስማ።

ሙስዐብ ኢብን ዑመይር በመካ ከቁረይሽ ነገድ ተወለደ። እናቱ ኹናስ ቢንት ማሊክ ባለጸጋ ነበረችና፣ ከመካ ወጣቶች መካከል በልብሱ ማማርና በሽቶው መዓዛ እርሱን የሚተካከል አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአርቀም ቤት በስውር ሲያስተምሩ ሄዶ ሰማ፤ አመነም። እምነቱንም ከእናቱ ሸሸገ። ነገር ግን ሲሰግድ ታይቶ ወሬው ደረሳት፤ ዘመዶቹም ይዘው አሰሩት። ከእስሩ አምልጦ በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ጋር ወደ አገራችን መጣ። የባዕድ አገርን ኑሮ አስቀድሞ የቀመሰው በነጃሺ ጥላ ሥር ነው። ወደ መካ ሲመለስ ያ ምቾት ሁሉ ቀርቶ፣ ገላው ሻክሮ፣ ልብሱም ተጣጥፎ ነበር።

በ621 እ.ኤ.አ. ከየስሪብ የመጡ 12 ሰዎች በዐቀባ ቃል ኪዳን ገቡ። ነቢዩም ቁርኣን እንዲያቀራቸው ሙስዐብን አብረው ላኩት። ያረፈውም አስዐድ ኢብን ዙራራህ በተባለ የኸዝረጅ ሰው ቤት ነበር። ሥራውም ከቤት ወደ ቤት መዞር፣ ጥቂት ሰዎች በተሰበሰቡበት ተቀምጦ ማስተማርና ሶላት ማሰገድ ነበር። አውስና ኸዝረጅ ደም የተቃቡ ነገዶች ስለ ነበሩ፣ አንዱ የሌላውን ኢማምነት አይወድም ነበር፤ ስለዚህ እንግዳው ሙስዐብ ሁለቱንም በአንድ ሰፍ አሰለፈ። ሰዎቹም ሙቅሪ፣ ማለት ቁርኣን የሚያቀራ፣ ብለው ጠሩት።

አንድ ቀን ከአስዐድ ጋር በአንድ አትክልት ቦታ ተቀምጦ ሲያስተምር፣ ኡሰይድ ኢብን ሑደይር ጦሩን ይዞ፣ እየተሳደበና እየዛተ መጣ። ሙስዐብ አልተቆጣም፤ አልሸሸምም። ተቀምጦ እንዲሰማ፣ የሰማው ደስ ካላለው ግን እንደሚተውለት በጨዋ አንደበት ነገረው። ኡሰይድም ይህን ትክክለኛ ፍርድ ብሎ ጦሩን መሬት ላይ ተከለና ተቀመጠ፤ ሰምቶም ሰለመ። ከእርሱም በኋላ አለቃው ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ እንዲሁ ተቆጥቶ መጣ፤ እንዲሁ ሰምቶ ሰለመ፤ ወገኖቹም ተከተሉት። በማግስቱ ዓመት፣ በ622 እ.ኤ.አ.፣ 73 ወንዶችና 2 ሴቶች በዐቀባ ለነቢዩ ቃል ገቡ።

ሙስዐብ በበድርና በኡሑድ ዓርማ ተሸካሚ ነበር። በሂጅራ 3ኛው ዓመት በኡሑድ ዓርማውን እንደ ያዘ ተገደለ። ለመገነዣው የተገኘው አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር፤ ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ፣ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ይገለጥ ነበርና፣ ነቢዩ ራሱን በጨርቁ፣ እግሩን በሣር እንዲሸፍኑት አዘዙ። ከብዙ ዘመን በኋላ ባለጸጋው ነጋዴ ዐብዱራሕማን ኢብን ዐውፍ ጾሞ ማዕድ ቢቀርብለት፣ ሙስዐብን አስታውሶ አለቀሰ፤ ምግቡንም ተወው።

ነጋዴ ወንድሜ ሆይ! በመንዝና በግሼ ብርድ፣ በመርሐቤቴም፣ መስጊድ ርቆህ፣ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ገበያና ልቅሶ እየተካፈልህ የምትኖር ከሆንህ፣ ይህ ታሪክ ላንተ ነው። ለሚቆጣህ ሰው እንደ ሙስዐብ በትዕግሥት መልስ፤ ሚዛንህና ቃልህ ሃይማኖትህን ይመስክሩ። አንድ ደረሳ ቅራኑን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቆሎውን በስልቻ ይዞ ከደጅህ ቢቆም፣ የአስዐድን ቤት አስብ። አስዐድ በሩን ባይከፍት ኖሮ ሙስዐብ ወዴት ባረፈ ነበር? አንቺም እናት ሆይ! ልጅሽ ዕውቀት ፍለጋ ልሂድ ቢልሽ፣ እንደ ኹናስ በሰንሰለት አትያዢው፤ መርቀሽ ስደጂው።

አላህ ለሙስዐብ ሥራውን ይቀበለው፤ ልጆቻችንንም የመልካም ሥራ ወራሾች ያድርግልን። አሚን።