የቦርዶው ቆንስል

አሪስቲደስ ደ ሱዛ ሜንደስ እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. ካባናስ ደ ቪሪያቶ በምትባል የፖርቱጋል መንደር ከታወቀ ቤተ ሰብ ተወለደ። በኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ካጠና በኋላ እንደ መንታ ወንድሙ እንደ ሴዛር በአገሩ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በምሥራቅ አፍሪቃ በዛንዚባር፣ ከዚያም በብራዚል፣ በአሜሪካና በቤልጅግ በቆንስልነት አገልግሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. ቦርዶ ወደምትባለው የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ተዛወረ። አጥባቂ ካቶሊክና ከባለቤቱ ከአንጀሊና ዐሥራ አራት ልጆችን ያፈራ አባወራ ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረበት በ1939 ዓ.ም.፣ ፖርቱጋልን በአምባገነንነት ይገዛ የነበረው ሳላዛር አገሪቱን ከጦርነቱ ገለልተኛ አደረጋት። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ለቆንስሎች በተላለፈው መመሪያ፣ ከየአገራቸው ለተባረሩ አይሁዶችና ዜግነት ለሌላቸው ሰዎች ሊዝበን ሳይፈቀድ ቪዛ እንዳይሰጥ ታዘዘ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1940 ዓ.ም. የናዚ ጦር ፓሪስን ሲይዝ ሕዝቡ ወደ ደቡብ ጎረፈ። ቦርዶ በስደተኞች ተጨናነቀች። ለብዙዎቹ የቀረው የመዳኛ መንገድ በስፓኝ በኩል ወደ ፖርቱጋል መሻገር፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ሌላ አገር መሄድ ነበር። ያለ ቪዛ ግን ድንበሩ አይታለፍም።

ሱዛ ሜንደስ ካይም ክሩገር የተባለውን ረቢ ከነቤተ ሰቡ በቤቱ አስጠጋ። ለእነርሱ ቪዛ እንዲፈቀድ ቢጠይቅም ሊዝበን ከለከለች። ቆንስሉ ክልከላውን ጥሶ ቪዛ ሊሰጠው ሲያስብ፣ ክሩገር ወገኖቹን ሜዳ ላይ ጥሎ ለብቻው መዳንን እንቢ አለ። ሱዛ ሜንደስ በመንግሥቱ ትእዛዝና በሃይማኖቱ ትእዛዝ መካከል ተወጠረ፤ በጭንቀት ታሞም ለቀናት አልጋ ላይ ዋለ። ሰኔ 17 ቀን ተነሥቶ፣ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ ለጠየቀ ሁሉ ቪዛ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ክሩገርም ፓስፖርት እየሰበሰበ አገዘው። ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ቆንስሉ ፊርማውን እያሳጠረ፣ ሌት ተቀን ማኅተም ሲመታ ሰነበተ። ለድንበር ቅርብ በሆነችው በባዮን ከተማም እንዲሁ አደረገ። በዚህ ዐይነት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከሞት አመለጡ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መንግሥቱ ወደ አገሩ ጠራው። በዲሲፕሊን ተከሶ ለአንድ ዓመት ደመወዙ በግማሽ ተቀንሶ ከሥራ ታገደ፤ ቀጥሎም በጡረታ ተገለለ። ያ ትልቅ ቤተ ሰብ በዕዳ ተዘፈቀ፤ የአይሁድን ስደተኞች ያዳነው ሰው በሊዝበን ከነልጆቹ የአይሁድ ማኅበር ለችግረኞች ባዘጋጀው ማእድ ለመመገብ በቃ። አቤቱታው ሰሚ ሳያገኝ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 1954 ዓ.ም. በድህነት አረፈ።

ፍርዱ የተስተካከለው ከሞተ በኋላ ነው። እስራኤል በ1966 ዓ.ም. ከአሕዛብ ወገን ከሆኑት ጻድቃን አንዱ አድርጋ መዘገበችው። በ1988 ዓ.ም. የፖርቱጋል ምክር ቤት ክብሩን መለሰለት፤ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች በሚታሰቡበት በብሔራዊው መካነ መታሰቢያ ስሙ ተቀረጸ። ሱዛ ሜንደስ ጦር አልመራም፤ መሣሪያው አንድ ብዕርና አንድ ማኅተም ብቻ ነበር። በእነዚህ ያዳናቸው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ግን ዛሬም በብዙ አገሮች ይኖራሉ።