ሊማን ስፒትዘር እና ያልታየው ጋዝ

ለዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት እንድጽፍ ስጠየቅ፣ ከሐኪሞች አንዱን እንደምመርጥ ተጠብቆ ነበር። እኔ ግን የከዋክብት ሰው መረጥኩ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊማን ስፒትዘር በ1914 በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ቶሌዶ ከተማ ተወለደ። ዬል ተማረ፣ አንድ ዓመት ካምብሪጅ ቆየ፣ በ1938 ከፕሪንስተን ዶክትሬቱን ያዘ። በጦርነቱ ጊዜ ሶናር ላይ ሠራ። በ1947፣ ገና በ33 ዓመቱ፣ የፕሪንስተን የሥነ ፈለክ ምልከታ ጣቢያ ኃላፊ ሆነ። ተራራ መውጣት ነፍሱ ነበር፤ ካናዳ የሚገኘውን የቶር ተራራ ጫፍ በ1965 ከባልደረባው ከዶናልድ ሞርተን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠው እሱ ነው።

በ1946፣ ማለትም ስፑትኒክ ከመምጠቋ 11 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከምድር አየር በላይ የሚቀመጥ ቴሌስኮፕ ምን ሊያሳየን እንደሚችል ሪፖርት ጻፈ። አየራችን አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይውጠዋል። ለቆዳችን ደግ ነው፣ ለሥነ ፈለክ ግን መጋረጃ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የ1956ቱ ጽሑፉ ነው። ከጋላክሲያችን ዝርግ ዲስክ ርቀው የሚንሳፈፉ የጋዝ ደመናዎች መኖራቸው ታውቆ ነበር። ከውጭ የሚጫናቸው ነገር ከሌለ ተበትነው መጥፋት ነበረባቸው፣ ግን አልጠፉም። ስለዚህ ዲስኩን ከላይና ከታች የከበበ፣ እጅግ የሳሳ፣ ሙቀቱ አንድ ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ የሆነ ጋዝ መኖር አለበት ብሎ ደመደመ። ማንም አላየውም። የት እንደሚፈለግ ግን ጠቆመ፤ ኤሌክትሮኖቻቸውን ያጡ አቶሞች በአልትራቫዮሌት ብርሃን ላይ የሚተዉትን ጥቁር መስመር ፈልጉ አለ።

ለእኛ ለሐኪሞች ይህ ባዕድ አይደለም። ጣት ላይ የምንሰካው ኦክሲሜትር ብርሃን አሳልፎ ምን ያህሉ እንደተዋጠ ይለካል፤ ከዚያ ስለ ደሙ ኦክስጅን ይነግረናል። በስፒትዘር ዘዴ መብራቱ የሩቅ ኮከብ ነው፣ ጣቱ ደግሞ መሐል ላይ ያለው ጋዝ።

መሣሪያው እስኪመጣ 16 ዓመት ፈጀ። ከተከታታይ ሳተላይቶቹ አንዱ በ1966 ከመጠቀ በኋላ ወዲያው ሞተ፣ ሌላው በ1970 ምሕዋሩ ላይ ሳይደርስ ጠፋ። በነሐሴ 1972 የፕሪንስተንን 80 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ የተሸከመው ኮፐርኒከስ ወጣ፤ በብዙ ከዋክብት ብርሃን ላይም አምስት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን ተገኘ። እንዲህ ያለ ኦክስጅን የመቶ ሺዎች ዲግሪ ሙቀት ምልክት ነው። ከዲስኩ ውጭ ያለውን ትኩስ ጋዝ ደግሞ በ1978 የተላከው ሌላ ሳተላይት በማጀላን ደመናዎች ከዋክብት ብርሃን ላይ አሻራውን አገኘ።

ትልቁ ቴሌስኮፕ ግን ገና ነበር። በ1974 የአሜሪካ ምክር ቤት በጀቱን ሰረዘው። በጀት ተቆርጦበት የሚያውቅ የክፍል ኃላፊ ቀሪውን ይገምታል። ስፒትዘር የስድሳ ዓመት ሰው ሆኖ፣ ከጆን ባኮል ጋር የምክር ቤት አባላትን ቢሮ ለቢሮ እየዞረ አስረዳ። መስተዋቱ ከ3 ወደ 2.4 ሜትር ቢቀንስም ገንዘቡ በ1977 ተፈቀደ። ሀብል በ1990 ሲመጥቅ እሱ 75 ዓመቱ ነበር፤ ከሪፖርቱ 44 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

መጋቢት 31 ቀን 1997 እንደ ወትሮው ፕሪንስተን ሲሠራ ውሎ፣ በዚያው ዕለት በድንገት አረፈ።

በ2009 ጠፈርተኞች ሀብል ላይ አዲስ የአልትራቫዮሌት መሣሪያ ገጠሙ። በዚያ መሣሪያ ከጋላክሲዎች ጀርባ ያሉ ኳሳሮች መብራት ሆነው፣ ጋዙ ሌሎች ጋላክሲዎችንም በመቶ ሺዎች የብርሃን ዓመት ርቀት እንደሚከብብ ታየ፤ መጠኑም ከከዋክብቱ ቁስ ጋር ሊወዳደር እንደሚችል ተገመተ። ናሳም በ2003 ያመጠቀውን ቴሌስኮፕ በስሙ ሰይሞለታል። የሚያስቀኝ፣ በ2020 ሥራውን እስኪያቆም ድረስ እሱ ያይ የነበረው ኢንፍራሬድ እንጂ አልትራቫዮሌት አለመሆኑ ነው።