አባ አብርሃምና በእጃችን ያለው መጽሐፍ ቅዱስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ሕይወት ልናጫውታችሁ ብዕር አንሥተናል። ስማቸው አባ አብርሃም ነው፤ በውጭ ሰዎች ዘንድ የታወቁት ግን አቡ ሩሚ በሚባለው ስም ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ከብሉይ እስከ ሐዲስ በአማርኛ ጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ የፈጸሙት እሳቸው ናቸው።

ይህን ታሪክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ክረምት የማርቆስን ወንጌል በጋራ አንብበን እንጨርሳለን ብለን ተነሥተን ነበር። ወንጌሉ 16 ምዕራፍ ነው። እኛ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሰን ቆምን። የመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ በአምስተኛው ሳምንት አራት ሰው ብቻ ተገኘ። ለመዝሙር ጥናት የማንቀር ሰዎች ለቃሉ ጥናት ስንቀር ሰበብ አላጣንም፤ አንዱ አዝመራ፣ አንዱ ፈተና፣ አንዱ ገበያ ይላል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በቅድሚያ የገሠጽነው ራሳችንን መሆኑን እወቁልን።

አባ አብርሃም የተወለዱት በጎጃም በ1750 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ወጣት ሳሉ ወደ ጎንደር ለመጣው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ለጀምስ ብሩስ አስተርጓሚ ሆነው እንዳገለገሉ ይነገራል። ዕድሜያቸው ሃያ ስምንት ገደማ ሲሆን አገራቸውን ትተው በመንገድ ወጡ። ወደ ግብጽ ወረዱ፣ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፣ ሶርያን፣ አርመንን፣ ፋርስን አልፈው እስከ ሕንድ ደረሱ። በዚያ ዘመን አውሮፕላንም መኪናም የለም። መንገዱ በእግር፣ በእንስሳት ጀርባና በመርከብ የሚኬድ ነው። በየደረሱበት አገር ግን ቋንቋ ይማሩ ነበር፤ የኋላ ሥራቸው ስንቅ የሆናቸውም ይኸው ነው።

በሕንድ አገር በካልካታ ከተማ ዊልያም ጆንስ የሚባል እንግሊዛዊ ዳኛና የቋንቋ ሊቅ ነበረ። ይህ ሰው አብርሃም ከሚባል ሐበሻ ጋር ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ ያደረገውን ጭውውት ጽፎ በ1788 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ያ አብርሃም የኛው አባ አብርሃም ናቸው ተብሎ ይታመናል። ከዚህ በኋላ አባ አብርሃም ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ዳግመኛም ወደ ግብጽ ወረዱ።

ካይሮ ሲደርሱ ግን ጽኑ ሕመም ያዛቸው። ወገን በሌለበት ከተማ፣ ሽማግሌ ሰው፣ አልጋ ላይ ወደቁ። ያን ጊዜ በካይሮ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም የነበረው አሰሊን ደ ሸርቪል አገኛቸውና አስታመማቸው። አባ አብርሃም ከሞት ተረፉ። አሰሊንም እኒህ አዛውንት ቋንቋ የሚያውቁ፣ ብዙ ያዩና የተማሩ ሰው መሆናቸውን ሲረዳ የቆየ አሳቡን አወጣላቸው፤ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ እንዲጻፍ ይፈልግ ነበርና። እሳቸውም እሺ አሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ሥራው እንዴት ተሠራ? በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ይገናኛሉ። አሰሊን የዐረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በዝግታ ያነባል፤ አባ አብርሃም ሰምተው በአማርኛ ይጽፋሉ። ከበድ ያለ ቃል ወይም የጨለመ አሳብ ሲያጋጥም የዕብራይስጡን፣ የሱርስቱን፣ የጽርዑንና የግእዙን መጽሐፍ እያመሳከሩ ይመረምራሉ። እንዲህ ሲያደርጉ ዐሥር ዓመት አለፈ። ሥራው ሲያልቅ በእጅ የተጻፈው 9,539 ገጽ ሆነ።

ይህን ቁጥር ይዘን ሒሳብ ሠራን። በሳምንት ሁለት ቀን ከሆነ በዓመት 104 ቀን ያህል ነው፤ በዐሥር ዓመት 1,040 ቀን። ገጹን በቀኑ ብናካፍለው ለአንድ ቀን ዘጠኝ ገጽ ያህል ይደርሳል። ዘጠኝ ገጽ በአንድ ቀን ለሚጽፍ ሰው ተአምር አይደለም። ተአምሩ በሚቀጥለው ማክሰኞ መገኘት ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም መገኘት ነው፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ መገኘት ነው። እኛ አምስት ሳምንት ያልዘለቅንበትን ነገር ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከበሽታ የተነሡ አዛውንት በሰው አገር ዐሥር ዓመት ዘለቁበት። ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ አያሳፍርምን?

ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ አባ አብርሃም አንድ ጊዜ ደግሞ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ሄዱ። ጌታችን የተሰቀለበትንና የተነሣበትን ቦታ ተሳልመው ወደ ካይሮ ሲመለሱ ከተማይቱን ወረርሽኝ ይዟት ነበር። በዚያው በሽታ በ1819 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። ከደከሙበት መጽሐፍ አንድ ገጽ እንኳ ታትሞ አላዩም።

ከሞቱ በኋላ በ1820 እ.ኤ.አ. ዊልያም ጆዌት የሚባል የእንግሊዝ ቄስ ጽሑፉን ለብሪታንያና ለውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ዋጋው 1,250 የእንግሊዝ ፓውንድ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው። ቶማስ ፔል ፕላት የተባለ ሊቅ ለኅትመት አሰናዳው። አራቱ ወንጌላት በ1824 እ.ኤ.አ.፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829 እ.ኤ.አ.፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1840 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። ከዕረፍታቸው እስከ መጽሐፉ ሙሉ ኅትመት 21 ዓመት መሆኑ ነው።

መጽሐፉ ሲታተም የኛ አገር ሸዋ ምን ላይ ነበረች? ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር የነገሡበት ዘመን ነው። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. በሸዋ ተቀምጧል። በኋላ ዘመንም ይኸው ሰው የአባ አብርሃምን ትርጉም ለማረም ብዙ ደክሟል። እኛ የአረርቲ ልጆች አንኮበርን ስናስብ የንጉሥ ከተማነቷን ብቻ እናስታውሳለን፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክም በዚያ በኩል ማለፉን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ከመካከላችንም የጠየቁ አሉ። ሥራውን ያሠራው ፈረንሳዊ፣ ያሳተመው የእንግሊዝ ማኅበር፣ ያከፋፈሉት ሚስዮናውያን ከሆኑ፣ እኛ የተዋሕዶ ልጆች በዚህ ታሪክ ምን ድርሻ አለን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንሸሸውም። አባቶቻችን የውጭ ሰዎች ይዘውት የመጡትን መጽሐፍ በጥርጣሬ ማየታቸው እውነት ነው፤ ለጥርጣሬያቸውም ምክንያት ነበራቸው። ትርጉሙ ስሕተት አልነበረበትም አንልም፤ በመጀመሪያ ከዐረብኛ የተመለሰ ስለ ሆነ ደጋግሞ መታረም አስፈልጎታል። የማኅበሩ እትምም ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበላቸውን ሰማንያ አንዱን መጻሕፍት ሁሉ አልያዘም።

ነገር ግን ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ቃሉን በአማርኛ መስማት ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። በመጻሕፍት ቤት የኔታ ንባቡን በግእዝ፣ ትርጓሜውን በአማርኛ እያሉ ያስተምሩ ነበር፤ አንድምታችን የዚህ ምስክር ነው። የጎደለው ይህ በጉባኤ የሚሰማው ነገር መላው መጽሐፍ ሆኖ ከትምህርት ቤት ውጭ ላለው ሕዝብ በእጁ መግባቱ ነበር። ሁለተኛ፣ የጻፉት እጆች የኛው አባት እጆች ናቸው። ፈረንሳዊው ቢያነብም አማርኛው የጎጃም ልጅ አማርኛ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም በኋላ ሰማንያ አንዱን መጻሕፍት በአማርኛ አሳትማ በ2000 ዓ.ም. ለልጆችዋ ሰጥታለች። ከዚያ አስቀድሞ በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣው ትርጉም በብዙ ቤት ገብቶ ነበር። እንግዲህ ዛሬ መጽሐፍ አጣን ብሎ ማመካኘት አይቻልም። መደርደሪያ ላይ አለ፤ በየስልካችንም ውስጥ አለ።

በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችን እናውቃለን። በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን ትንቢት ያነብ ነበር። ፊልጶስ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው፤ እሱም የሚመራው ሳይኖር ሊያስተውል እንደማይችል በትሕትና ገለጸ። ፊልጶስም ከዚያው መጽሐፍ ተነሥቶ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ሰበከለት፤ ጃንደረባውም ተጠመቀ። ልብ በሉ፣ ጃንደረባው መሪ ያገኘው እያነበበ ሳለ ነው። እኛ ግን መጽሐፉን ሳንገልጥ መምህር ጠፋ እንላለን። ያላነበበ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ጌታችንን እናከብራለን። በጥምቀት ታቦታቱን አጅበን ወደ ኢራንቡቲ ስንወርድ፣ ነጭ ለብሰን ስንዘምር ደስታችን ወሰን የለውም። ይህ ክብር መልካም ነው፤ ማንም አይንቀፈው። ነገር ግን የምናከብረውን ጌታ ቃል ካላወቅን፣ አክብሮታችን አባቱን በሰው ፊት እያመሰገነ የአባቱን ደብዳቤ ሳይከፍት እንደሚያስቀምጥ ልጅ ይሆናል። አባ አብርሃም ጌታን ያከበሩት በማክሰኞና በቅዳሜ ነው፤ ማንም ሳያያቸው፣ እልልታም ሳይሰሙ።

እኛ የጤፍ አገር ልጆች ነን። የምንጃር ገበሬ ጤፉን ዘርቶ በማግስቱ እንጀራ አይጠብቅም። ያርማል፣ ያጭዳል፣ ይከምራል፣ ይወቃል፣ ያበጥራል። አባ አብርሃም ዘሩ፤ መከሩን ግን ሌላ በላ። ከበሉትም መካከል እኛ አለን።

ስለዚህ ይህን ተስማምተናል። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞና ቅዳሜ ከሠርክ ጸሎት በኋላ የማርቆስን ወንጌል ከመጀመሪያው እንደገና እንጀምራለን። በአንድ ቀን አንድ ምዕራፍ ብናነብ በስምንት ሳምንት እንፈጽማለን። ያልገባንን ጽፈን ይዘን መምህራችንን እንጠይቃለን። አራት ሰው ቢመጣ በአራት ሰው እናነባለን፤ እሳቸው ጽፈው የፈጸሙት ሁለት ሆነው ነውና።

የአባታችንን የአባ አብርሃምን ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ለእኛም ጀምሮ መጨረስን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።